አባቴ ሳያየው የቀረው ድልድይ

አባቴ ጡረታ የወጣ የጦር መሐንዲስ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሲገጥመውና ሲፈታው የኖረው የቤይሊ ድልድይ፣ ከብረት ክፍሎች የሚገጣጠመው የጦር ድልድይ፣ መጀመሪያ የተሞከረበትን ቦታ ላሳየው ቃል ገብቼለት ነበር። ዛሬ ነገ ስል ሞት ቀደመኝ። ባለፈው ወር ብቻዬን ሄድሁ።

ከለንደን በባቡር ሁለት ሰዓት ያህል ተጉዤ በእንግሊዝ ደቡባዊ የባሕር ዳርቻ ባለችው ክራይስትቸርች ወረድሁ። የድልድዩ ፈልሳፊ ዶናልድ ቤይሊ ይሠራ የነበረው እዚያ በነበረው የሠራዊቱ የድልድይ ሙከራ ጣቢያ ነው፤ ድልድዩን ማምረት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1941 ነበር። የሙከራው ድልድይ ኤቨንና ስታወር ወንዞች በሚገናኙበት የስታንፒት ረግረግ፣ በአንዲት ጠባብ የውኃ መውረጃ ላይ ዛሬም ቆሟል። ውሻውን የሚያናፍስ ሰው ሰላም ብሎኝ ተሻግሮ ሄደ። እኔ ግን እግሬ አልታዘዝ አለኝ።

አባዬ ስለ ሥራው ሲያወራ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከፓኔሉ፣ ድልድዩ ከሚገጣጠምበት የብረት ክፍል ነበር። ርዝመቱ ሦስት ሜትር፣ ክብደቱ 260 ኪሎ ግራም ያህል፤ ክሬን ሳያስፈልገው ስድስት ሰው ይሸከመዋል። እኛ ልጆቹ አምስት ነን። በቤታችን ቁም ሣጥን የሚነሣ ቀን ከእናታችን ጋር ስድስታችንን ግራና ቀኝ አሰልፎ "ዝግጁ! አንሡ!" ይለን ነበር። እርሱ የሁላችንንም እግር እያየ የኋሊት ይራመዳል። ጣቱ የተቀጠቀጠ ልጅ ከመካከላችን የለም።

ፓኔሎቹ የሚያያዙት በፒን፣ በአጭር የብረት ዘንግ ነው፤ እያንዳንዱ ፒን እንዳይሾልክ ጫፉ ላይ ትንሽ መቆለፊያ ይገባለታል። እርሷን ማየት አይበቃም፣ በአውራ ጣት መንካት ያስፈልጋል ይል ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላም ማታ ማታ የእያንዳንዱን በርና መስኮት መቀርቀሪያ በአውራ ጣቱ ተጭኖ ሳያይ አይተኛም። መጨረሻ ወደ እኛ ክፍል ይገባል። እንቅልፍ የወሰደን መስለን እንጠብቀዋለን፤ ያ ሻካራ ጣት ግንባራችንን በየተራ ይነካና መብራቱ ይጠፋል።

ከድልድዩ ላይ ሆኜ ለእናቴ ደወልሁ። እያለቀስሁ መሆኔን ከድምፄ አወቀች። ጥቂት ዝም ብላ፣ "ፒኖቹ ሙሉ ናቸው?" አለችኝ።

ስልኩን ሳልዘጋ ጎንበስ ብዬ ከመጀመሪያው ጀመርሁ።