እኔ የጠራሁት ቁጥር

በጌታ የተወደዳችሁ ወገኖቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ባለፈው ሳምንት 50 ዓመት ሞላኝ። ጌታ ይባረክ! ይህን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል። ለብዙ ሰው ተራ ነገር ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ይህን ቀን ስፈራው ነው የኖርኩት። የፈራሁት ሽበቱን አይደለም። መጽሐፍ ቅዱሴን ያለ መነጽር ማንበብ አለመቻሌም አላስጨነቀኝም። ቀኑን ራሱን ነው የፈራሁት። ለምን እንደፈራሁት ከባለቤቴ በቀር ማንም አያውቅም ነበር። እሱም የሚያውቀው ግማሹን ነው።

ከእናቴ ልጀምር። እናቴ ያረፈችው 50 ሊሞላት ሁለት ወር ሲቀራት ነው። እኔ ያኔ 22 ዓመቴ ነበር። ጾሜያለሁ፣ ጸልያለሁ። «ጌታ ይፈውሳታል» ብዬ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ። በመጨረሻው ሳምንት እንኳ፣ ከሆስፒታል ስትወጣ እንድትለብሰው ብዬ ቀሚሷን ተኩሼ በሩ ላይ ሰቅዬው ነበር። ሳትለብሰው ቀረች። ቀሚሱን ከተሰቀለበት ለማውረድ አንድ ወር ፈጀብኝ።

እውነቱን ልናገር፣ እግዚአብሔርን ተቀየምኩት። ቤተ ክርስቲያን መሄድ አላቆምኩም። ከጉባኤው ጋር ቆሜ እዘምራለሁ፤ የሚንቀሳቀሰው ግን ከንፈሬ ብቻ ነበር። ማታ ብቻዬን ስሆን «እሷ ምን በደለችህ?» እለው ነበር። በኋላ በኋላ እሱንም ተውኩት። ዘጋሁት። ከአባት ጋር አንድ ቤት እየኖሩ አለመነጋገር እንዴት እንደሚከብድ ያየ ሰው ይገባዋል። እኔ ስዘጋው እሱ አልዘጋኝም። ይህን የማውቀው ግን ዛሬ ነው።

አገባሁ። ልጅ ስድስት ዓመት ጠበቅን። ፀነስኩ።

ልጄ የተወለደችው በ35ኛ ልደቴ ዋዜማ ነው፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ። ምጡ ረጅም ቢሆንም በሰላም ወለድኩ። ደረቴ ላይ አስተኟት። እርጥብ ፀጉሯ አገጬን ሲነካኝ አሁንም ይሰማኛል። ባለቤቴ ያለቅሳል፣ ይስቃል፣ መልሶ ያለቅሳል። እንግዴ ልጁም ወጣ። ሁሉም ነገር ያለቀ መሰለኝ።

ከዚያ ከሥሬ ሙቀት ተሰማኝ። ውሃ ነው ብዬ ነበር። ሲስተሯ አንሶላውን ገለጥ አደረገች። ፊቷን እያየሁት ነበር። ፈገግታዋ ሳይጠፋ ዓይኗ ብቻ ተለወጠ። ልጄን ቀስ ብላ ከደረቴ አንሥታ ለባለቤቴ ሰጠችው። «አንተ ትንሽ ውጪ ቆይ» አለችው። ድምፅዋ ለስላሳ ነበር። እኔን ያስፈራኝ ልስላሴዋ ነው።

በኋላ ሐኪሟ አስረድታኛለች። ልጅ ከወጣ በኋላ ማህፀን እንደ ጡጫ ይጨበጣል። ሲጨበጥ፣ እንግዴ ልጁ ተጣብቆበት በነበረው ቦታ ያሉትን የደም ስሮች ጨምቆ ይዘጋቸዋል። የእኔ አልጨበጥ አለ። መርፌ ወጉኝ፣ በሁለቱም ክንዴ ግሉኮስ ሰቀሉልኝ፣ ደሙ ግን አልቆም አለ። ሲስተሯ ሆዴን በሁለት እጇ ይዛ ባላት ጉልበት ሁሉ ታሸው ጀመር። ሕመሙ ከምጡ ይብሳል። ላቧ ከግንባሯ እየወረደ ክንዴ ላይ ይንጠባጠባል። ሰው ሊተካት ሲመጣ እንኳ እጇን አላነሣችም። ስሟን ሳልጠይቃት ቀረሁ። እህቴ፣ ይህ ጽሑፍ ከደረሰሽ፣ ጌታ እጆችሽን ይባርክ! ስሸኝ ላገኝሽ ፈልጌ ተረኛ አልነበርሽም።

የደሜ ዓይነት ኦ ኔጌቲቭ ነው። ለሌላው ሁሉ ይሆናል፤ ራሱ ግን ከራሱ ዓይነት በቀር አይቀበልም። ዝግጁ የነበረው 2 ከረጢት ብቻ ነው። የባለቤቴ ደም አይሆነኝም። ልጁን ታቅፎ በአንድ እጁ ስልክ ይደውላል። ዕለቱ ዓርብ ነበር፤ የኅብረታችን ሰዎች ለአዳር ጸሎት ተሰብስበዋል። ስልኩን ያነሣችው እህት ድምፁን ከፍ አድርጋ ለሁሉም አሰማቻቸው። ጸሎቱን ከሁለት ተካፈሉት። ግማሾቹ ተንበርክከው ቀሩ፣ 11 ሰዎች ደግሞ ተነሥተው መጡ። ከ11ዱ የሁለቱ ደም ከእኔ ጋር ገጠመ። አንዷ ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ? ከእኔ ጋር ተኮራርፈን ሁለት ዓመት ሰላም ያልተባባልነው እህት ናት። በደሟ ተርፌያለሁ ብዬ ሳስብ እንባዬ ይመጣል። የኔ እናት፣ ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት «ዝም በይ፣ ተኚ» ነበር ያልሽኝ። አሁንም በአደባባይ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ፤ አመሰግንሻለሁም።

ደሙ ተመርምሮ እስኪደርስ መጠበቅ አልተቻለም። ያለውን እየሰጡኝ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ወሰዱኝ። በሩ እስኪከፈት ኮሪደሩ ላይ አቆሙኝ። ምናልባት ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። ጆሮዬ ይጮኻል። ብርዱ ከውጭ ሳይሆን ከአጥንቴ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ጥርሴ እርስ በርሱ ይንቀጫቀጫል። ጣሪያውን ማየት ስላቃተኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ፈዛዛ አረንጓዴ ነው። በአልጋው ቁመት ልክ ቀለሙ ተፍቆ ከዳር እስከ ዳር ረጅም መስመር ሆኗል። ስንት አልጋ ቢታከከው ነው? በስንቱስ ላይ ሰው ተኝቶ ነበር? መስመሩን በዓይኔ እየተከተልኩ ሳለ ንጉሥ ሕዝቅያስ ትዝ አለኝ። ለሞት ታምሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ ያለቀሰው። ታሪኩን በልጅነቴ የነገረችኝ እናቴ ናት። «ጸሎትህን ሰምቻለሁ፣ እንባህንም አይቻለሁ» የሚለው ቃል በእሷ ድምፅ መጣልኝ።

13 ዓመት የዘጋሁትን አምላክ ጠራሁት። «ለእሱ የጨመርክለትን 15 ዓመት ለእኔም ጨምርልኝ። ልጄን ላሳድግ። እናቴ ያልደረሰችበትን 50 ልየው። ከዚያ ወዲያ አልጠይቅህም።» ያልኩት ይህን ብቻ ነው። መዝሙርም፣ ሌላ ጥቅስም አልመጣልኝም። በሩ ተከፈተ።

ስነቃ ነግቷል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ያለፈው እኔ ሳላውቀው ነው። 35 ዓመት የሞላኝ ሰመመን ውስጥ ሆኜ ነው። ከአልጋዬ አጠገብ ባለቤቴ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ልጃችን ክንዱ ላይ ተኝታለች። መጀመሪያ የተሰማኝ ትንፋሿ ነው። ከዚያ «አልሞትም በሕይወት እኖራለሁ እንጂ፥ የእግዚአብሔርንም ሥራ እናገራለሁ» የሚለው መዝሙረ ዳዊት ሳልጠራው ከአፌ ወጣ። ድምፄ ስለሌለ ባለቤቴ ውሃ የጠየቅኩት መስሎት ተነሣ።

ማህፀኔን አውጥተውታል። ሌላ ልጅ የለም ማለት ነው። ለዚህም አልቅሻለሁ፣ አልደብቃችሁም። እያመሰገኑም ይለቀሳል።

ልጄ ዳኸች፣ ቆመች፣ ትምህርት ቤት ገባች፣ በቁመት በለጠችኝ።

46 ሲሞላኝ ነው ቁጥሩ የመጣብኝ። 35 እና 15። አራት ዓመት ቀረኝ አልኩ። ለቅጽበት ነበር፤ ግን ሄዶ አልቀረም። መጽሐፉን ገልጬ ሕዝቅያስን እቆጥር ጀመር። በ25 ዓመቱ ነገሠ፣ 29 ዓመት ገዛ። 54 ማለት ነው። ከዚያ 15 ሲቀነስ፣ ሲታመም 39 ገደማ ነበር። ልጁ ምናሴ ሲነግሥ 12 ዓመቱ ነው፤ በተጨመረው ዕድሜ የተወለደ ልጅ መሆኑ ነው። ስንት ጊዜ ደምሬ ቀነስኩ! ቃሉን የማነበው እንደ ሒሳብ መዝገብ ሆነ። ምርመራ አድርጌ ሐኪሙ ደህና ነሽ ሲለኝ፣ በልቤ «አንተ ውሉን አታውቅም» እላለሁ። የምመኘውን የማማከር ትምህርት ሰዎች በነፃ እንድማር ዕድል ሰጥተውኝ ነበር፣ ሦስት ዓመት ይፈጃል ሲሉኝ ተውኩት። የልጄን ልደት በየዓመቱ እናከብራለን። የእኔ በማግሥቱ ስለሆነ ማለፍ ቀላል ነው። «የልጅቷ ይበቃል» እላቸዋለሁ።

ዘንድሮ ልጄ 15 ሞላት። ጓደኞቿ መጥተው፣ ዘምረው፣ ጨፍረው ሄዱ። ባለቤቴ ተኛ። እኔ ሳሎን ቀረሁ። መተኛት ፈራሁ፣ በቃ። ሰዓቱ ከፊቴ ነው። 5 ሰዓት ሆነ። 5 ከግማሽ። ልቤ ትንሽ ዘለል ባለ ቁጥር «ይኸው» እላለሁ። የልጄን ሹራብ ከሶፋው ላይ አንሥቼ አጣጥፌ አስቀመጥኩት፤ መልሼ ፈታሁት፤ እንደገና አጣጠፍኩት። በራፉ ላይ ተሰቅሎ የቀረው የእናቴ ቀሚስ በዓይኔ መጣ።

ልጄ ውሃ ልትጠጣ ተነሥታ አገኘችኝ። «እማዬ፣ ምን ሆነሻል?» ምንም ብዬ ላልፋት ነበር። ጉልበቴ ላይ ያለውን የራሷን ሹራብ አየችው። መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ነገርኳት። ኮሪደሩን፣ ግድግዳውን፣ የገባሁትን ቃል፣ ሁሉንም። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦

«እማዬ፣ 15 ያለሽ እግዚአብሔር ነው ወይስ አንቺ ነሽ ያልሽው?»

መልስ አጣሁ። መጽሐፍ ቅዱሱን አንሥታ ኢሳይያስ 38ን አወጣች። ጮክ ብላ አነበበችው። ሰው ሲያነብልኝ ነው ለካ የሚሰማኝ! ሕዝቅያስ ለመነ፣ አምርሮም አለቀሰ። ቁጥር ግን አልጠራም። 15 ያለው እግዚአብሔር ነው። የእኔን 15 የጠራሁት እኔ ነኝ። እሱ አዎ አላለኝ፣ እስከዚህ ብቻም አላለኝ። ያደረገው በሩን መክፈት ነው። ውል ብዬ አራት ዓመት የተንቀጠቀጥኩለትን ነገር ብቻዬን ጽፌ ብቻዬን ነው የፈረምኩት።

ልጄ ማንበቡን ቀጠለች። ሕዝቅያስ ከዳነ በኋላ የጻፈው መዝሙር አለ። ሕያው ሰው ዛሬ እንደማመሰግንህ ያመሰግንሃል ይላል፤ አባትም ለልጆቹ እውነትህን ያሳውቃል ይላል። እዚህ ቃል ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ። ሁለታችንም አለቀስን። ሰዓቱን ሳየው 6 ከ20 ሆኗል። አልፏል! ሳላየው አልፏል! እንደዚያኛው ሌሊት፣ ይህኛውንም እሱ ነው ያሻገረኝ።

እንቅልፍ ስላልነበረን ቁጭ ብለን 50 የሚለውን ቃል በመጽሐፉ ውስጥ ፈለግን። ሌዋውያን በ50 ዓመታቸው ከከባዱ አገልግሎት ያርፉ ነበር፤ ግን ከወንድሞቻቸው ጋር ሆነው ያግዛሉ። ይህን ወደድኩት። ከዚያ ዘሌዋውያን 25 ላይ ኢዮቤልዩ። ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት፣ 49 ይሞላና 50ኛው ይቀደሳል። መለከት ይነፋል። የተሸጠ መሬት ወደ ባለቤቱ፣ ለባርነት የተሸጠም ወደ ወገኑ ይመለሳል። እኔ በብድር ዕድሜ ነው የምኖረው ብዬ ስንት ዘመን አንገቴን ደፋሁ! በዚያ ሌሊት መለከት የነፋልኝ የ15 ዓመት ልጅ ድምፅ ነው።

እናቴን ለምን እንዳላስነሣት ዛሬም አላውቅም። እጠይቀዋለሁ። ግን አሁን እየተነጋገርን ነው። በዘመኔ ሁሉ ሲሸከመኝ እንደነበር አይቻለሁ። «እስከ ሽበትም ድረስ እሸከማችኋለሁ» ያለውም እሱ ነው። ፊት ለፊት በግንባሬ ላይ ያለውን ነጭ ፀጉር ከዚህ በኋላ ቀለም አልቀባውም።

ሲነጋ ባለቤቴ ሁለታችንንም ሶፋው ላይ አገኘን። ሲያባብለኝ የኖረ ሰው ነው። ነገሩን ስነግረው ምንም አልተናገረም፤ ተንበርክኮ አመሰገነ። ቀን ላይ ያቺ ደሟን የሰጠችኝ እህት ደወለች። በየዓመቱ ትደውላለች፤ እኔ ግን «የልጅቷ ትናንት ነበር» ብዬ ወሬ እለውጥባት ነበር። ዘንድሮ «እንኳን ተወለድሽ» ስትለኝ «አሜን፣ 50 ሞላኝ!» አልኳት። ስልኩ ላይ እልል አለች።

ሰኞ ዕለት ለማማከር ትምህርቱ ተመዘገብኩ። ቅጹን ወደ ቤት ይዤው መጣሁ። መነጽሬን አድርጌ ሞላሁት። ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ። ታች ላይ «ትምህርቱ የሚጠናቀቅበት ዓመት» የሚል ባዶ ቦታ አለ። እስክሪብቶውን ይዤ ቆየሁ። ልጄ በትከሻዬ በኩል አጎንብሳ ታያለች።

«ሦስት ዓመት ደምሪ» አለችኝ። «ያኔ እኔ 18 ነኝ፣ አንቺ 53።»

ደመርኩና ጻፍኩት።