የኬኤልአሯ ፓውዛ፦ አራት ወር ከአንድ የቀለጠ ሶኬት ጋር

ሰላም ነው ባለሞተሮች። ከሚያዝያ ጀምሮ "ፓውዛው እንዴት ሆነልህ" እያላችሁ ለምትነዘንዙኝ ይሄው ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጻፈው፣ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ሞተሯን ለማታውቋት ካዋሳኪ ኬኤልአር 650 ናት፣ በፈረንጅ 2005 ስሪት፣ የድሮው ቅርጽ፣ ከፊት ያላት አንድ ኤች4 አምፖል ነው፣ አጭር መብራቱ 55 ረጅሙ 60 ዋት። ከሐዋሳ ሻሸመኔ ይሄ ይበቃል፣ መኪናው ብዙ ስለሆነ የሰው መብራትም ያግዛችኋል። ዶዶላን አልፋችሁ አዳባ አካባቢ ከመሸባችሁ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ፈረስ ላይ ያለ ሰው ብርድ ልብስ ተከናንቦ በአስፋልቱ ጠርዝ ይመጣል፣ ፈረሱ ጥቁር፣ ብርድ ልብሱ ጥቁር፣ አስፋልቱ ጥቁር፣ የምታዩት ሃያ ሜትር ሲቀራችሁ ነው። ዲንሾ ጋ ደሞ ኒያላው መንገድ ያቋርጣል፣ ከርከሮውም አለ። ስለዚ ፓውዛ ያስፈልገኛል አልኩ፣ እስከዚህ ድረስ ጥፋት የለብኝም።

ጥፋቱ የጀመረው መርካቶ ሶማሌ ተራ ነው። ጥንድ ነጭ የኤልኢዲ ፓውዛ ገዛሁ፣ ካርቶኑ ላይ 120 ዋት ይላል፣ አንዱ ብቻ! ሁለቱ 240 ማለት ነው። የኔ ዲናሞ በማኑዋሉ 17 አምፕ ነው፣ በ14 ቮልት ስታባዙት 238 ዋት፣ እሱም ሞተሯ በከፍተኛ ዙር ስትሆን፣ ከዛ ላይ ደሞ የግንባር መብራቱ፣ የኋላው፣ ኢግኒሽኑ፣ ፋኑ ሁሉም ድርሻውን ይወስዳል። ይሄን ሂሳብ የሰራሁት ከገዛሁ በኋላ ቤት ገብቼ ነው እንዳትስቁ። ደንግጬ በቴስተር ስለካው አንዱ የሚጎትተው 1.5 አምፕ፣ በዋት ሃያ ገደማ። ለዲናሞዬ ደስ አለኝ ለኪሴ አዘንኩ። ካርቶን ላይ የተጻፈ ዋት አትመኑ፣ ሱቁ ውስጥ ባትሪ ላይ አብርታችሁ አምፑን ለኩ፣ ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁርም ለኩ።

የገጠምኩት ከስፖኪዮው እግር ስር ነበር፣ ከፍ ሲል ሩቅ ያሳያል ብዬ፣ ደሞም ያምራል፣ እውነቱን ለመናገር ግማሹ ምክንያት እሱ ነው። ሽቦውን የረጅሙን መብራት ሽቦ ልጬ ቀጠልኩበት፣ ናስትሮ ጠቀለልኩ፣ ሃያ ደቂቃም አልፈጀብኝ። በማግስቱ ወደ ባሌ።

ሳነቴ ላይ ከ4000 ሜትር በላይ ሆኜ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፣ ቀይ ቀበሮ ሁላ አይቻለሁ። ሪራን አልፌ ሀረና ጫካ ስገባ ግን ጉሙ እንደ ነጠላ ጋረደኝ፣ እኔም በኩራት ፓውዛዬን አበራሁ፣ ወዲያው ፊት ለፊቴ ነጭ ግድግዳ ቆመ። ሳጠፋው ትንሽ አያለሁ ሳበራው ምንም አላይም። ከዓይኔ ብዙም ሳይርቅ የተሰቀለ መብራት ነዋ፣ ከጉሙ ጠብታ የሚመለሰው ብርሃን በቀጥታ ወደ ዓይኔ ነው የሚመጣው። መብራቱ ከዓይን በራቀ ቁጥር፣ ወደ ታችም ወደ ጎንም፣ የሚመለሰው ይቀንሳል፣ የመኪና የጉም መብራት ፓራውልቱ ውስጥ ታች የሚቀመጠው ለዚህ ነው። ጨረሩም ቀጭንና ሩቅ መሆን የለበትም፣ ሰፊ ሆኖ የመንገዱን ጠርዝ ነው ማሳየት ያለበት፣ ጉም ውስጥ የምትነዱት በጠርዙ ነው። በእግር ከመሄድ በማይሻል ፍጥነት ጫካውን ወጣሁ።

ከዛ ስመለስ ሻሸመኔ ሳልደርስ ረጅሙ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ሐዋሳ የማውቃቸው የባጃጅ ኤሌትሪሺያን አሉ፣ ጋሼ ነው የምላቸው፣ የፊት ሽፋኑን ፈተው የግንባር አምፖሉን ሶኬት ሲያወጡት ፕላስቲኩ እንደ ማስቲካ ሆኗል። "አንተ ልጅ፣ ሞተርህን ልታነዳት ነው ልታቃጥላት?" አሉኝ። ፊውዙ እኮ አልተቃጠለም ጋሼ ስላቸው፣ ፊውዝ የሚያየው አምፕ ነው፣ ሶኬትህ መዛጉን በምን ያውቃል አሉኝ። እውነት ነው፣ 60 ዋቱ ወደ 5 አምፕ ይጎትታል፣ የኔ ሁለቱ 3 ጨመሩበት፣ 8 ሆነ፣ ፊውዙ 10 ነው ስለዚ እሱን አይመለከተውም፣ ግን የሃያ ዓመት ሶኬት ውስጡ ዝጓል፣ በዛ ጠባብ ቦታ 8 አምፕ ሲያልፍ ይግላል፣ ሲግል ደሞ ይብሳል።

ከዛ ሁሉንም አፍርሰን እንደ አዲስ። አንድ ጥንድ ቢጫ ጨመርኩ፣ ሰፊ ጨረር ያለው፣ 3000 ኬልቪን አካባቢ (ኬልቪን የብርሃኑ ቀለም መለኪያ ነው፣ ሲያንስ ወደ ቢጫ ሲበዛ ወደ ሰማያዊ ያደላል)። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልበል፣ ቢጫ ጉም ይሰነጥቃል የሚባለው ወሬ ነው፣ የጉም ጠብታ ከብርሃን ሞገድ በጣም ስለሚተልቅ ነጩንም ቢጫውንም እኩል ነው የሚበትነው። ልዩነቱ ዓይናችን ላይ ነው፣ 6000 ኬልቪን ነጭ ላይ ያለው ሰማያዊነት ዓይን ይወጋል፣ ቢጫው ይለሰልሳል፣ በተለይ አራት ሰዓት ነድታችሁ ዓይናችሁ ሲደክም። ቢጫዎቹን ከፊት ጎን ባለው መከላከያ ቧንቧ ታችኛው ጥግ ላይ አሰርናቸው፣ ነጮቹን ከነሱ ከፍ አድርገን።

ሽቦውን ጋሼ ሰሩት እኔ መብራት ያዝኩ። ሁለት ሪሌ (በትንሽ ኮረንት ታዞ ትልቁን ኮረንት የሚያገናኝ ማብሪያ)፣ ለየጥንዱ አንድ። የሪሌው እግሮች ቁጥር አላቸው፣ 30 ቁጥሩ በቀጥታ ከባትሪ፣ ፊውዙ ከባትሪው አንድ ስንዝር ሳይርቅ፣ 87 ወደ ፓውዛው፣ 85 ማሳ፣ 86 ትዕዛዝ የሚሰጠው ቀጭኑ ሽቦ ነው። የነጮቹ 86 ከረጅሙ መብራት መጣ፣ ስለዚ ተቃራኒ ሲመጣ ወደ አጭር ስመልስ አብረው ይጠፋሉ፣ ሁለት ነገር መነካካት የለም። የቢጫዎቹ ከፓርኪንግ መብራቱ ሆኖ መሀል ላይ ማብሪያ ማጥፊያ አለው፣ ቁልፍ ሲዘጋ እነሱም ይዘጋሉ፣ ባትሪ ጨርሶ ጠዋት ግፊ የሚባል ጣጣ የለም። አሁን በድሮው ሶኬት (አዲስ ቀይረንለታል) የሚያልፈው የራሱ አምፖልና ሪሌውን የሚያነቃ ጥቂት ነገር ብቻ ነው። ቮልቱን ስለካ ሁሉም በርቶ ፋኑም እየሰራ በሚኒሞ (ጋዝ ሳልሰጣት) ወደ 12.7 ይወርዳል፣ 3000 ዙር ላይ 13.8። ከተማ ውስጥ ቆሜ ከሆነ አጠፋቸዋለሁ፣ ኤልኢዲ ነፋስ ሳያገኝ ሲቆምም አይወድም፣ ጀርባው ላይ ያሉት የአልሙኒየም ክንፎች እጅ አያስነኩም።

ማስተካከሉ ላይ ግን እንደገና ተዋረድኩ። የሰፈራችን መጋዘን ግድግዳ ፊት 5 ሜትር ርቄ አቆምኳት፣ ቢጫዎቹ ከመሬት 60 ሳንቲም ላይ ናቸው፣ የጨረሩ መሀል ግድግዳው ላይ 55 እንዲያርፍ አደረግኩ፣ በ5 ሜትር 5 ሳንቲም ከወረደ በ60 ሜትር መሬት ይነካል፣ ሂሳቡ ንጹህ ነው። በሳምንቱ ጓደኛዬን ከነሻንጣው ጭኜ ወደ ዶዶላ ስሄድ የሚመጣው አይሱዙ ሁሉ ረጅም መብራቱን ያበራብኛል፣ አንዱማ ጥሩንባውን ይዞ አልለቅም አለ። እኔ ነጩን አጥፍቻለሁ፣ ቢጫው ብቻ ነው የበራው፣ ምን ሆኑ ብዬ ተናደድኩ። ሰው ሲጫን የኋላው ሞላ ይወርዳል አፍንጫዋ ቀና ይላል፣ አንድ ዲግሪ ቀና ካለች 60 ሜትር ላይ ጨረሩ አንድ ሜትር ይነሳል፣ አንድ ሜትር ደሞ የቤት መኪና ሹፌር ዓይን አካባቢ ነው፣ ያውም ቢጫዎቹ ከላይ የሚቆርጣቸው መስመር ስለሌላቸው ከዛም በላይ ይደርሳሉ። ስንት ሰው ዓይን እንዳጠፋሁ እሱ ይወቀው። አሁን ሞላውን አጥብቄ፣ ሻንጣውም ሰውም ላይዋ ላይ እንዳሉ ነው ያስተካከልኩት፣ ቢጫው በ5 ሜትር 10 ሳንቲም ይወርዳል፣ 30 ሜትር ላይ መሬት ይነካል፣ ለጉምም ለጥምዝም ከዛ በላይ አልፈልግም። ባለ ፈረስ ሲመጣ ግን እሱንም አጠፋዋለሁ፣ ፈረሱ ይደነብራል።

ንዝረቱን ሳልናገር ባልፍ ባለ ኬኤልአሮቹ ይታዘቡኛል፣ አንድ ሲሊንደር 651 ሲሲ ብሎን ፈቺ ማለት ነው። ቧንቧውና ማሰሪያው መሀል የድሮ ከመነዳሪ ቆርጬ አስገባሁ፣ ናይለን ያለው ዳዶ ተጠቀምኩ፣ ከዛ በእህቴ የጥፍር ቀለም ከዳዶው እስከ ማሰሪያው አንድ መስመር አሰመርኩ፣ መስመሩ ከተዛነፈ ዳዶው ዞሯል ማለት ነው፣ ጠዋት ጠዋት በዓይን ማየት ብቻ ነው። እህቴ እስካሁን ቀለሟን ትፈልጋለች።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሀረናን ደገምኩት፣ ያው ጉም ነበር፣ ቢጫው ብቻ በርቶ ነጩ ጠፍቶ። በፍጥነት አያስነዳም እኮ፣ ግን ግራና ቀኝ ጠርዙ ይታየኛል፣ ሞተሯን በጥምዝ ሳጋድላት የግንባር መብራቷ የሚያጨልመውን የውስጠኛውን ጎን ቢጫው ይሞላልኛል። ሰላሳ በሰዓት ሳልጨነቅ ነዳሁ።

አሁን የቀረኝ የግራው ቢጫ ነው፣ መስታወቱ ውስጥ ላብ ይዟል። አይፒ67 ይላል፣ ማለት አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ሠላሳ ደቂቃ ይችላል ነው፣ እኔ ግን የጠረጠርኩት የራሴን ጸባይ ነው፣ ከመንገድ እንደገባሁ ሳትቀዘቅዝ ነው የማሳጥባት፣ የጋለ ነገር ድንገት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው አየር ይሰበሰብና ውሃውን በኬብሉ መግቢያ ይስባል። ቅዳሜ እፈታዋለሁ፣ ላስቲኩ ይሁን ኬብሉ ካገኘሁት ፎቶ አነሳላችኋለሁ።