ጥህሎውን ማን ይሠራል?

የምሠራው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ባለ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ነው። ፈረቃ የማወጣው እኔ ነኝ። ፈረቃ የሚያወጣ ሰው ደግሞ ብዙ ነገር ሳይነገረው ያውቃል።

ወጥ ቤት ካሉት አንዷ የአዲግራት ልጅ ናት፤ ሌላዋ ኤርትራ ውስጥ ያለችው የሰንዓፈ። መሐላቸው የድንበር ከተማዋ ዛላንበሳ ናት ያለችው። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ድንበሩ ተዘጋ፤ በ2011 መስከረም ላይ ተከፍቶ ብዙም ሳይቆይ እንደገና ተዘጋ። ሁለቱ የተገናኙት እኛ ወጥ ቤት፣ ጥህሎ ላይ ነው።

የተቆላ የገብስ ዱቄት በውሃና በጨው ይታሻል። ከዚያ እየተቆነጠረ ይድቦለቦላል። ቀዩ የሥጋ ወጥ መሐል ይቀመጥና ጫፉ መንታ በሆነ እንጨት እየወጉ ማጥቀስ ነው። አንዱ ሲያድቦለብል ሌላው ይበላል።

መጀመሪያ ሰሞን ይጨቃጨቁ ነበር። አንዷ «ወጡ ቀጠነ» ስትል፣ ሌላዋ «አያቴ እንዲህ ነው የምትሠራው» ትላለች። ቆይቶ ጭቅጭቁ ቀረና የመጀመሪያዋ ድብልብል ሁልጊዜ የሰንዓፈዋ አፍ ውስጥ መግባት ጀመረች። ጉርሻማ ሁላችንም እንጎራረሳለን። ግን ጉርሻም ዓይነት አለው። ከዚያ ሁለቱም ሰኞን እረፍት ጠየቁኝ፤ ሰጠኋቸው።

አገር ቤት፣ በዚያም ሆነ በዚህ በኩል፣ ፍቅራቸው ወንጀል ነው። እዚህ ግን አንድ ቀን መኪና ማቆሚያው ጋ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆሙ። አንድ የቆየ ደንበኛችን አያቸውና በቀጥታ የምግብ ቤቱ ባለቤት እትዬ ጋ ሄደ። «ወይ እነሱ ይውጡ፣ ወይ እኔ እዚህ ቤት አልገባም!»

እትዬ ረቡዕና ዓርብ የማይሽሩ ሰው ናቸው። በቃ አበቃላቸው ብዬ፣ በዚህ ምክንያት ሠራተኛ ማባረር ሜሪላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ክልክል መሆኑን በጆሯቸው ነገርኳቸው።

«ሕጉን ተዪው» አሉኝ። «ጥህሎውን አንቺ ትሠሪልኛለሽ?»

ወደ ሰውየው ዞሩ። «ወንድሜ፣ ይሄ ምግብ ቤት ነው። ማን ከማን ጋር ወደ ቤቱ እንደሚሄድ አልጠይቅም። እርስዎንም ጠይቄዎት አላውቅም።»

ሰውየው ቀላ። ከፍሎ ወጣ።

እትዬ ነገሩን ወደዱት ማለቴ አይደለም። ሰሞኑን ወጥ ቤት ሲገቡ ልጆቹን ቀና ብለው አያዩም ነበር። አንድ ቅዳሜ ግን ደክሟቸው ዱካ ላይ ቁጭ አሉ። የሰንዓፈዋ አንዷን ድብልብል አጥቅሳ አጎረሰቻቸው። «ጨው አንሶታል» አሉ፤ ሁለተኛም ጎረሱ።

ቆይቶ የሰውየው ሚስት ለክርስትና ድግስ ጥህሎ አዝዛ ልትወስድ መጣች። እሱ መኪና ውስጥ ሆኖ ስልኩን ይነካካል።

«ልጆቹ ናቸው አይደል የሠሩት?» አለችኝ።

«አዎ።»

«እንግዲያው ወጡን ጨመር አድርጊበት።»