ከኋላ ወንበሩ ሥር

ከጠዋት ጀምሮ ልቤ ድብት ብሏል። ዝናቡ ይሁን የቦሎ ሰሞን መድረሱ አልለየሁትም፤ እኛ ቤት ሁለቱ ተያይዘው ነው የሚመጡት። ቢጫዋ ቮልስ ሸራዋን ለብሳ ግቢ ውስጥ ቆማለች። አዲስ መኪና ያለው ሰው ምርመራ ሲደርስ የሚያስበው ክፍያውንና ወረፋውን ነው። ቮልስ ያለው ሰው ግን የግራው ጎማ ቀድሞ ይይዝ ይሆን ወይስ የቀኙ እያለ ያድራል።

ቮልስን ምርመራ ላይ የሚጥላት ፍሬን አለመያዟ አይደለም፤ እኩል አለመያዟ ነው። ማሽኑ የአንድ አክስል ሁለት ጎማዎችን ለየብቻ አሽከርክሮ የእያንዳንዱን ኃይል ለየብቻ ይጽፋል። መንገድ ላይ መሪውን ትንሽ ቀና እያደረግን የምናልፈው መሳብ እዚያ ቁጥር ሆኖ ይወጣል። አንዳንዴ ጎማው ጋ ያለው ትንሹ የፍሬን ፖምፓ አፍስሶ የፍሬኑ ሸራ ዘይት ጠጥቷል። እንዲህ ያለውን ሸራ በቤንዚን ማጠብም ሆነ በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ ድካም ብቻ ነው፤ ሲሞቅ የጠጣውን መልሶ ያወጣል። የአክስሉን ሸራ በሙሉ፣ የግራውንም የቀኙንም፣ ቀይሮ መገላገል ነው። አንዳንዴ ደግሞ ጥፋቱ የፍሬን ዘይት የሚያልፍባቸው አራቱ የጎማ ቱቦዎች ናቸው። ከውጭ ደህና ይመስላሉ፣ ከውስጥ ግን አብጠዋል፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ያሳልፋሉ፣ ሲለቀቅ ቶሎ አይመልሱም። ትንሽ ተነድቶ አንዱ ቸርኬ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚያቃጥል ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቱቦው ነው።

ሸራና ቱቦው ደህና ከሆነ የቀረው ልኩን ማስተካከል ነው። በእያንዳንዱ ጎማ ሁለት ጥርሳም ማስተካከያ አለ፣ ለአንድ ሸራ አንድ። በቀዳዳው ካቻቢቴ ይገባና ጎማው በእጅ አልዞርም እስኪል ይጠብቃል። ፔዳሉን አንድ ሁለቴ ረግጦ ሸራዎቹን መሀል ማስያዝ፣ እንደገና ማጥበቅ፣ ከዚያ ሦስት ወይም አራት ጥርስ መመለስ። ጎማው ሲዞር ሸራው ታምቡሮውን፣ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ክብ ብረት፣ በስሱ ቢዳስሰው ግድ የለም። ይህ ሳያልቅ የእጅ ፍሬኑን ገመድ የሚነካ መካኒክ ካያችሁ መፍቻውን ከእጁ ቀሙት። ገመዶቹ ሁለት ናቸው፤ ከማንሻው ሥር ባሉት ሁለት ዳዶዎች ይስተካከላሉ፤ ተራቸው ግን ከሸራው በኋላ ነው። አስቀድመው ከጠበቁ የኋላውን ሸራ ከመቀመጫው አንስተው ያስቀሩታል፣ ከዚያ ወዲያ የሚለካው ልክ ሁሉ ውሸት ይሆናል።

የኋላውን ታምቡሮ ለማውጣት የ36 ቁልፍና ረጅም ቧንቧ ያስፈልጋል። ሲመለስ 300 ኒውተን ሜትር ያህል ይጠበቅና ዳዶው እንዳይላላ የሚይዘው ኮፒሊያ ቀዳዳውን ካላገኘ ዳዶው ትንሽ ወደፊት ይገፋል እንጂ ወደኋላ አይመለስም። የፊት ግራው ጎማ ዳዶ ደግሞ ጥርሱ ግልባጭ ስለሆነ ወደ ቀኝ ሲዞር ነው የሚፈታው፤ ይህን ሳያውቅ በጉልበት የሞከረ ጥርሱን ጨርሶ ይሄዳል። በዚያው ጎማ መሀል የፍጥነት መለኪያው ገመድ ያልፋል። ለዚህ ነው የፍጥነት መለኪያ የሚፈተንበት ሮለር ላይ የኋላ ጎማዎቿ 40 እየሮጡ ቆጣሪው ዜሮ ላይ ዝም የሚለው። ወጣት መርማሪ «ቆጣሪው አይሠራም» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። በትሕትና ማስረዳት ነው፤ የምትሄደው በኋላው፣ የምትቆጥረው በፊቱ።

መብራት ላይ ባለ 6 ቮልቶቹ ይቸገራሉ። በዝገትና በላላ ማያያዣ 1 ቮልት መንገድ ላይ ቢቀር ከ12 ምንም አይደለም፣ ከ6 ግን አንድ ስድስተኛው ነው፤ ብርሃኑ ደግሞ በዚያው ልክ ሳይሆን ወደ ግማሽ ይወርዳል። አምፖል መቀየር አያድነውም። ከፊት መብራቱ ጀርባ ያለውን የመሬት ሽቦ ፈትቶ ብረቱን እስኪያበራ ማጽዳት ይቀላል። የመስታወት ውሃ አልረጭ ሲልም ሰው ሮጦ ሞተር ሊገዛ ይሄዳል። ብዙዎቹ ቮልሶች ውሃውን የሚረጩት በስኮርታ ጎማው አየር ነው፤ ስኮርታው እስከ 42 ፒ.ኤስ.አይ. ተነፍቶ ቱቦው ይሰካል፣ በቃ።

ጭሱ የሌላ ቀን ወሬ ነበር፣ ግን ተነሳ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ነው የተቀመጠችው፣ አየራችንም ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ለቆላ አየር የተለካ ካርቡራቶር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። በዚያ ላይ አውቶማቲክ ቾኩን የምታሞቀው ቀጭን ሽቦ ተነቅላ ከሆነ ቾኩ ዝግ ሆኖ ይቀራል። ጭሱ ይጠቁራል፣ ካርቡራቶሩ ይወቀሳል፣ ይፈታል፣ ይታጠባል፣ ይመለሳል፣ ጭሱ እዚያው። ስለዚህ መጀመሪያ ሽቦዋ፣ ቀጥሎ የማቀጣጠያው ፑንቲና ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር፣ የቫልቮቹ ክፍተት ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ ሳለ 0.15፣ ካርቡራቶሩ በመጨረሻ። ደግሞም መኪናዋ ሞቃ ትግባ። ከቤት እስከ ምርመራው በር ያለው መንገድ አጭር ከሆነ ቀለበት መንገዱን ትንሽ ዞር ማለት አይጎዳም።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ ቁጥሩ ካልተስማማ ዋጋ የለውም። የቮልስ ሞተር በአራት ብሎን ስለሚያያዝ በአንድ ከሰዓት ወርዶ ሌላ ይገባል፤ በዚህ ሁሉ ዓመት ያልተቀየረባት ጥቂት ናት። ሊብሬው ግን የሚያውቀው የተጻፈውን ቁጥር ብቻ ነው። የሞተሩ ቁጥር ከዲናሞው መቀመጫ እግር ሥር ይገኛል። የሻንሲው ከኋላ ወንበር ሥር፣ መሀል ላይ ጉብ ባለው ብረት ላይ ተመትቷል። ዝገት ሸፍኖት ከሆነ በነጭ ጋዝና በጨርቅ በትዕግሥት ይጽዳ። ግራይንደር የነካው ቁጥር መርማሪውን ወደሌላ ጥርጣሬ ነው የሚወስደው፣ እሱም አይፈረድበትም።

ወንበሩ ከተነሳ አይቀር በስተቀኝ ያለውን ባትሪ ማየት ነው። አሲዱ ሲፈስ ከሥሩ ያለውን ወለል ይበላል፤ ምንጣፉ ደህና መስሎ ብረቱ በካቻቢቴ ይበሳል። የባትሪው ክዳን ደግሞ ጌጥ አይደለም። ከበድ ያለ ሰው በቀኝ በኩል ሲቀመጥ የወንበሩ ሞላ ወርዶ የባትሪውን ራሶች ያገናኛል፣ ሞላው ይግላል፣ የወንበሩ ሙሌት ይጨሳል። ክዳን ከጠፋ ወፍራም ጎማ ቆርጦ መጣል ይበቃል።

እዚህ ላይ ስደርስ ሐሳቤ ጥሎኝ ሄደ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የተወሰዱት በቮልስ ነው፣ ያውም በኋላ ወንበር። ሮልስ ሮይስ የቆመበት ግቢ ውስጥ ቮልስ ገባች። ሁለት በር ብቻ ናት፤ የፊቱ ወንበር ወደፊት ታጥፎ፣ አንገት ተደፍቶ፣ እግር ተሰብስቦ ነው የሚገባው። ሰው ሁሉ የሚያወራው ያን ጎንበስ ማለት ነው። እኔ ደግሞ የባትሪው ክዳን ነበረ ወይ እላለሁ። በቀኝ ተቀምጠው ከሆነ ከሥራቸው ባትሪው አለ። ቀጭን ሰው ስለነበሩ ሞላው ያን ያህል የሚወርድ አይመስለኝም፤ ግን ጎናቸው ወታደር ተቀምጦ ከሆነስ? ቀኑ ደግሞ የዘመን መለወጫ ማግስት ነው። መስታወቷ ላይ የነበረው ቦሎ የስንት ዓመተ ምሕረት ነበር? ያን ቀን አስቁሞ የሚጠይቅ ትራፊክ የት ይገኛል?

ይህን ለባለቤቴ ብነግራት «ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ፣ አንተ የባትሪ ክዳን ትፈልጋለህ» ማለቷ አይቀርም። ትበል። ግን እኮ፣ በየትኛው በኩል ነበር የተቀመጡት?