የእህቴን ሰርግ ፎቶ ከካሜራ ወደ ኮምፒውተር ስገለብጥ ያየሁት አሳር

አክስቴ ለእህቴ ሰርግ ከሜሪላንድ ስትመጣ ሁለት ትልልቅ ሻንጣና አንድ ትንሽ ካሜራ ይዛ መጣች። ኪስ ውስጥ የምትገባ የድሮ ኒኮን ናት። "ስልክ እያለሽ ይሄ ምን ይሠራልሻል?" ስንላት "የስልክ ፎቶ ስልክ ውስጥ ነው ተቀብሮ የሚቀረው" አለችን። ሰርጉንም መልሱንም በዚያችው አነሳች። 612 ፎቶ።

ሰርጉ ጥር ላይ ነበር። አክስቴ የምትመለሰው ማክሰኞ ማታ ነው። እሁድ ከሰዓት ካሜራዋን እጄ ላይ አስቀመጠችና "በል አንተ የኮምፒውተር ሰው ነህ፣ ሁሉንም አውጣልኝ። ካርዱንም ባዶ አድርግልኝ፣ ስመለስ የልጆቹን ልደት አነሳበታለሁ" አለችኝ። የኮምፒውተር ሰው የተባልኩት ቢሮ ኤክሴል ስለምጠቀም ነው። ግን ማን እምቢ ይላል?

የመጀመሪያው ጣጣ ገመዱ ነው። ሜሪላንድ ቀርቷል። ቤት ውስጥ ያለውን የስልክ ገመድ ሁሉ ሰብስቤ ሞከርኩ፣ አንዱም አልገባም። እንዲህ ዓይነት የድሮ ኒኮኖች የራሳቸው የሆነ ባለ 8 ፒን መሰኪያ እንዳላቸው በኋላ ነው ያወቅኩት። ገመዱ ቢገኝም እንኳ ሌላ ጣጣ አለ። ፎቶው ተገልብጦ እስኪያልቅ ካሜራው እንደበራ መቆየት አለበት፣ ባትሪው መሐል ላይ ካለቀ ነገሩ እዚያው ይቆረጣል። ደግሞ ሁሉም ገመድ ፎቶ አያሳልፍም። ለቻርጅ ብቻ የተሠራ ገመድ ሞልቷል፣ ቢሰካም ኮምፒውተሩ ምንም አያይም። ስለዚህ ካርዱን አውጥቶ በካርድ ሪደር ማንበብ ይሻላል። መገናኛ ሄጄ አንድ ሪደር ገዛሁ። እዚህ ድረስ ጎበዝ ነበርኩ።

ከዚያ ጅልነቴ ጀመረ። ለእናቴ ሦስት ፎቶ አሳጥብልሻለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ነበር። ካርዱ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ፎቶ ቤቱ ደግሞ መንገዴ ላይ ነው። ገባሁ። ልጁ ካርዱን ተቀብሎ ከፊቱ ያለው ኮምፒውተር ላይ ሰካው። ሦስቱን መርጦ አጠበልኝ፣ ከፍዬ ወጣሁ። ምርቃት ይመስል ቫይረስም ጨምሮልኛል።

ቤት ስደርስ ካርዱን ከፈትኩት። ዲሲአይኤም የሚባለው ፎልደር የለም። ካሜራዎች ሁሉ ፎቶ የሚያስቀምጡት እሱ ውስጥ ነው። በቦታው ስሙን የያዘ አንዲት ሾርትከት፣ ማለትም ወደ ሌላ ፋይል የምትመራ ምልክት፣ ተቀምጣለች፣ ትንሽ ቀስት ያላት። ይህችን ቀስት ኢንተርኔት ቤት የሠራ ሰው ያውቃታል። ላብ አሰመጠኝ። ደግነቱ አልከፈትኳትም። ሁለቴ ጠቅ ባደርጋት ኖሮ ቫይረሱን በገዛ እጄ ኮምፒውተሬ ላይ እለቀው ነበር።

ይህ ቫይረስ ፎቶውን አያጠፋም፣ ይደብቀዋል። ፎልደሩን የተደበቀ የሲስተም ፋይል አስመስሎ ከዓይን ይሰውረውና ሾርትከቷን በቦታው ይተካል። ዊንዶውስ ላይ የፎልደር አማራጮች ውስጥ ገብቼ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አደረግኩ። የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውንም ምልክት አነሳሁ። ፎልደሩ ፈዘዝ ብሎ ብቅ አለ። ውስጡ 612ቱም አሉ። ሾርትከቷን አጠፋሁ፣ ካርዱን በአንቲቫይረስ አስፈተሽኩ። ተነፈስኩ።

ከዚህ በኋላ የሠራሁትን ስናገር አሁንም አፍራለሁ። አክስቴ "ባዶ አድርግልኝ" ብላ የለ? ሁለት ሥራ በአንዴ ልጨርስ ብዬ ሁሉንም መረጥኩና ኮፒ በማድረግ ፈንታ ከት አደረግኩ። ዴስክቶፑ ላይ ፔስት። አረንጓዴው መስመር መሄድ ጀመረ። ሻይ ላፈላ ተነሳሁ።

መብራት ሄደ።

ያለን የድሮ ዴስክቶፕ ነው፣ መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚይዘው ባትሪ (ዩፒኤስ) የለውም። ጀበናው አጠገብ ጨለማ ውስጥ ቆሜ ፎቶዎቹን በሐሳቤ እቆጥር ጀመር። መብራቱ ተመልሶ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ካርዱ ላይ 241 ቀርተዋል፣ ኮምፒውተሩ ላይ 371 ገብተዋል። ድምሩ ልክ ነው። እንደገና ተነፈስኩ። ከዚያ አንድ በአንድ ስከፍታቸው ወደ መጨረሻ የገቡት 14ቱ አልከፈት አሉ። ስም አላቸው፣ መጠናቸው እንኳ ይታያል፣ ውስጣቸው ግን ባዶ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ከት ስታደርግ ኮምፒውተሩ አንዱን ፎቶ ይገለብጥና ከካርዱ ይሰርዘዋል፣ ቀጥሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ነገር ግን "ገለበጥኩ" ያለው ፎቶ ወዲያው ሀርድ ዲስኩ ላይ ላይጻፍ ይችላል። ለጊዜው በኮምፒውተሩ በራሱ ሜሞሪ (ራም) ላይ ይዞት ይቆያል። መብራት ሲጠፋ ሜሞሪው ላይ ያለው ሁሉ ይተናል። ካርዱ ላይ የለም፣ ዲስኩ ላይም አልደረሰም። 14ቱ ፎቶዎች መንገድ ላይ ነው የቀሩት።

እነዚህ 14ቱ ደግሞ ቀላል ፎቶዎች አልነበሩም። ሙሽሮቹ የአያታችንን ጉልበት ሲስሙ የተነሱት ናቸው። አያታችን 91 ዓመቷ ነው።

ሶፍትዌር ላይ የሚሠራ ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። ገና ነገሩን ስጀምርለት አቋረጠኝ።

"ካርዱን ካሜራው ውስጥ መልሰኸዋል?"

"አልመለስኩትም።"

"ጎሽ። አንዲትም ፎቶ እንዳታነሳበት። በል አሁን ቁልፉን ዝጋው።"

"የምን ቁልፍ?"

"ካርዱ ጎን ላይ ያለችውን ነዋ!"

ካርዱን መብራቱ ሥር አስጠግቼ አየሁት። በግራ ጎኑ ላይ ጥፍር የምታክል ነጭ ፕላስቲክ አለች። ወደ ላይ ወደ ታች ትንሸራተታለች። ያለችበትን ቦታ ስንት ዓመት ዳብሼዋለሁ፣ አስቤባት ግን አላውቅም። ወደ ታች ስትገፋት ካርዱ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም። አይሰረዝበትምም። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ፎቶ ቤት ከመግባቴ በፊት በጥፍሬ ገፋ አድርጌያት ቢሆን ቫይረሱ ካርዱ ላይ መጻፍ አይችልም ነበር። ከት ሳደርግም ኮምፒውተሩ ከካርዱ ላይ የሚሰርዘው ነገር አይኖርም ነበር። የዚያ ቀን ጣጣ ሁሉ በአንዲት ጥፍር ይቀር ነበር። (ሁሉም ሪደር ይህችን ቁልፍ አያከብርም ይላል ጓደኛዬ። አዲስ ሪደር ስገዛ መጀመሪያ የማይረባ ፋይል ለመጻፍ ሞክሬ ነው የማረጋግጠው።)

ቁልፏን ዘግቼ ፎቶሬክ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም አወረድኩ። መልኩ አያምርም፣ ጥቁር መስኮት ላይ ጽሑፍ ብቻ ነው። ሥራውን ግን ያውቃል። አንድ ፎቶ ሲሰረዝ ካርዱ ፎቶውን አይፍቀውም። ዝርዝሩ ላይ ከስሙ የመጀመሪያዋን ፊደል በምልክት ይተካና ቦታውን "ነጻ" ብሎ ይመዘግበዋል። ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ፎቶው እዚያው ነው። ፎቶሬክ ዝርዝሩን አይቶ አይደለም የሚሠራው። ካርዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ እያሰሰ የፎቶ መጀመሪያ የሚመስል ምልክት ሲያገኝ ከዚያ ጀምሮ ያወጣል። የሚያወጣውንም ካርዱ ላይ ሳይሆን ሌላ ዲስክ ላይ ነው ማስቀመጥ ያለብህ። አለዚያ የምትፈልገው ፎቶ ላይ ትጽፍበታለህ።

743 ፋይል አወጣልኝ። እኛ ያለን 612 ነበር። ትርፎቹ አክስቴ ከዚህ በፊት ያጠፋቻቸው ናቸው። የሜሪላንድ በረዶ፣ የጎረቤት ውሻ፣ የልደት ኬክ። ካርዱ 4 ጊጋ ብቻ ስለሆነ በሰርጉም ቀን ቦታ ሲያጥራት መሐል መሐል ትሰርዝ ነበር። የምትሰርዘው "ወፍራም አስመስሎኛል" ያለችውን ነው። እነሱም ተነስተው መጡ። እናቴ ስክሪኑ ላይ አይታ "ደህና ነሽ እኮ፣ ምን ሆንኩ ብለሽ ነው?" ስትላት አክስቴ አኮረፈች።

ከ14ቱ 13ቱ ሙሉ በሙሉ ተገኙ። አንዱ ግማሹ ብቻ። ለዚህም ሰበቡ ያው መሐል ላይ መሰረዙ ሳይሆን አይቀርም። ካርዱ ላይ ክፍተት ክፍተት ስለሚፈጠር አዲሱ ፎቶ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ይቀመጣል። ፎቶሬክ ደግሞ የተከፈለውን መግጠም ብዙም አይሆንለትም። ከላይ የአያታችን ፊት ጥርት ብሎ ይታያል። ዓይኗን ጨፍና፣ ከንፈሯ ተከፍቶ፣ እየመረቀች ነው። ከደረቷ በታች ግን ሁሉም ግራጫ ነው። ጉልበቷ ላይ የተደፋችው እህቴ የለችም። እናቴ ይህችኑ ፎቶ አሳጥቢልኝ ብላ እህቴን ትነዘንዛታለች፣ እንዳለች።

አንድ ነገር ቀረ። ፎቶሬክ የፋይሉን ስም አይመልስም፣ ዝም ብሎ ቁጥር ይሰጠዋል። ፎቶው ውስጥ ግን የተነሳበት ቀንና ሰዓት አብሮ ተጽፏል። በዚያ ልደርድራቸው ብዬ የአጎቴ ልጅ በካኖኑ ያነሳቸውንም ጨመርኩ። ጉድ ነው የወጣው። እህቴ መናፈሻ ውስጥ ከሙሽራው ጋር ትሣቃለች፣ በዚያው ደቂቃ ሙሽራው ገና በራችን ላይ አትገባም እየተባለ ይለምናል። ለካ የአክስቴ ካሜራ በሜሪላንድ ሰዓት እንደሆነ ነው። ጥር ላይ ሜሪላንድ ከእኛ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። የአጎቴ ልጅ ደግሞ ካሜራውን የሞላው የእጅ ሰዓቱን አይቶ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ 3 ብሎ ሞላው፣ ካሜራው ግን በፈረንጅ ሌሊት 3 ብሎ ተረዳው። እሱም 6 ሰዓት ወደ ኋላ። ዲጂካም በሚባል ነጻ ፕሮግራም የአክስቴ ላይ 8፣ የእሱ ላይ 6 ሰዓት ደመርኩ። ሰርጉ በወጉ ሄደ።

ለአክስቴ ካርዱን ባዶ አድርጌ አልመለስኩላትም። አዲስ ገዛሁላት። ሻጩ 64 ጊጋ ሊሰጠኝ ነበር፣ የድሮ ካሜራ ብዙ ጊዜ ከ32 በላይ ስለማይቀበል 16 ወሰድኩ። የድሮውን ካርድ እንደተቆለፈ ፖስታ ውስጥ አድርጌ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። ፎቶዎቹ አንድ ኮምፒውተሩ ላይ፣ አንድ ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ላይ አሉ፤ ሀርድ ዲስኩን ለእህቴ ሰጠኋት። ለዘመድ በቴሌግራም መጀመሪያ እንደ ፎቶ ላክሁ። ያ ጥራቱን ይቀንሰዋል፣ ቀኑንና ሰዓቱንም ይሰርዘዋል። ሁለተኛ እንደ ፋይል ላክሁ።

አሁን የራሴ ካሜራ አለኝ። ካርዱን ከካሜራው ሳወጣ ገና ቁልፏን እዘጋለሁ። ኮፒ አደርጋለሁ፣ ቁጥሩንና መጠኑን አወዳድራለሁ፣ የመጨረሻዎቹን ሃያ ያህል እከፍታለሁ። ሁለት ቦታ ሳይቀመጥ ካርዱን አልነካም። ሲጸዳም እዚያው ካሜራው ውስጥ ፎርማት አደርገዋለሁ እንጂ ኮምፒውተር ላይ አይደለም።

ባለፈው የአጎቴ ልጅ ልጁን ክርስትና ሲያስነሳ ፎቶ አንሺው እኔ ነበርኩ። ቄሱ ሕፃኑን ይዘው ወደ ውኃው ዝቅ ሲሉ ካሜራዬን አነጣጥሬ ተጫንኩት። አልነሳም አለ። ስክሪኑን አየሁ፦ ካርዱ ተቆልፏል። ከዚያ ክዳኑን ከፍቼ፣ ካርዱን አውጥቼ፣ ቁልፏን በጥፍሬ ገፍቼ እስክመልስ ልጁ በነጭ ነጠላ ተጠቅልሎ በእናቱ እቅፍ ውስጥ ሆኖ ትክ ብሎ ያየኛል።