ፓምፑ ከመፈታቱ በፊት፦ አሮጌ አይሱዙ ላይ የናፍጣ ግፊት ፍለጋ

የጭነት መኪና ጉልበት ሲያጣ የሁሉም ሰው ጣት ወደ አንድ ቦታ ይቀሰራል። «ፓምፕ ነው!» ይላል ሹፌሩ፤ ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት ወደ ሞተሩ የሚልከውን ትልቁን ፓምፕ ማለቱ ነው። ረዳቱም ይደግመዋል። መኪና ነድቶ የማያውቀው ጎረቤትም አይቀርም። እኔ በሥራዬ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ሞተር የቅዳሜና የእሁድ ሱሴ ነው። ስለዚህ የምጽፈው እንደኔ እጁን እያቆሸሸ ለሚማር ሰው ነው።

መኪናዋ የአጎቴ ናት። ኤን ፒ አር አይሱዙ፣ ባለ አራት ሲሊንደር 4.6 ሊትር ሞተር፣ ኮምፒውተር የሚባል ነገር የማታውቅ። ከጎጃም ጤፍ እየጫነች አዲስ አበባ ትመላለሳለች። ሜዳ ላይ ምንም አትል። ባዶዋን ደግሞ ትበራለች። 40 ኩንታል ይዛ ከአባይ ድልድይ ወደ ጎሃ ጽዮን መውጣት ስትጀምር ግን ጉዱ ይመጣል። ዳገቱ ሲጋመስ በሁለተኛ ማርሽ እንኳን መጎተት ያቅታታል። ሞተሯ ጠፍቶ ትንሽ ካረፈች በኋላ ምንም እንዳልሆነ ሰው ተነስታ ትሄዳለች።

አጎቴ ተሰላችተው «ይፈታ በቃ፣ ልገላገል» አሉ። ፓምፕ ቤት አስገብቶ ማስፈታትና ካሊብሬት ማስደረግ (ልኩን ማስተካከል) ቀላል ወጪ አይደለም። «ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሱኝ፤ መጀመሪያ ፓምፑ የሚጠጣው ናፍጣ በቂ መሆኑን እንይ» አልኳቸው። ፊታቸው ላይ እምነት አላየሁም፤ ግን ፈቀዱ።

ከምንም በፊት ጭሱን ተመለከትኩ። ይሄ ነጻ ምርመራ ነው። ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ እየተፋች ጉልበት የምታጣ ከሆነ፣ ናፍጣ አለ፣ የጠፋው አየር ነው። ያኔ የአየር ፊልትሮውን ፍቱ። የኛዋ ግን ነዳጁ እስከ መጨረሻው ተረግጦም ከማርሚታው የሚወጣ ጭስ የላትም ማለት ይቻላል። ይሄ የረሃብ ምልክት ነው። ናፍጣው ሞተሩ ጋ አልደረሰም።

እዚህ ላይ ሦስት የተለያዩ ግፊቶችን መለየት ያስፈልጋል። እኔም ቁጭ ብዬ እስክስለው ድረስ ይምታታብኝ ነበር። ከትልቁ ፓምፕ ወደ ኖዝል (ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ ወደሚረጨው ጫፍ) የሚሄዱት የብረት ቱቦዎች ውስጥ ያለው ግፊት በመቶዎች የሚቆጠር ባር ነው። እዚያ አካባቢ እጅ አይገባም፤ ቀጭኑ ፍንጣቂ ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ከገባም ጉዳዩ የሐኪም ቤት ነው። ሁለተኛው፣ ትንሿ ሳቢ ፓምፕ በፊልትሮው አሳልፋ ለትልቁ ፓምፕ የምታቀርብበት ግፊት ነው። በእንዲህ ዓይነት ፓምፖች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ባር ነው። የሞተራችሁን ትክክለኛ ቁጥር ግን ከማኑዋሉ እዩ። ሦስተኛው ከታንክ እስከ ሳቢ ፓምፗ ያለው መንገድ ነው፤ እዚህ ግፊት የለም፣ ያለው ስበት፣ ማለትም መምጠጥ ነው።

ይሄ ሦስተኛው ነው አገራችን ላይ የሚያስገርመው። ናፍጣውን ከታንኩ የሚያስነሳው የአየር ክብደት ነው። ፓምፗ ትስባለች፣ አየሩ ከኋላ ይገፋል። ጅቡቲ ወደብ ላይ የሚገፋው አየር ወደ 1 ባር ነው። አባይ ድልድይ አካባቢ 0.9 ገደማ። ጎሃ ጽዮን ስትደርሱ 0.75 አካባቢ ይወርዳል። ስለዚህ ትንሽ የተደፈነ ቱቦ ታች ሆኖ ባይታወቅም፣ ላይ ሲወጣ ይጋለጣል። ያውም ሞተሩ ብዙ ናፍጣ በሚፈልግበት ሰዓት።

ካቢኑን ገልብጠን ከፊልትሮው በኋላ ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ገጠምን። ረጅም ቱቦ አድርገን ጌጁን ውጭ፣ ከስፖኪዮው ማሰሪያ ጋር አሰርነው። ናፍጣ የሞላ ቱቦ ካቢን ውስጥ እንዳታስገቡ፤ ቢፈነዳ ጭን ላይ ነው የሚፈሰው። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) 0.5 ባር አነበበ። ዝቅ ያለ ነው፤ ሞተሩ ግን ደስ ብሎት ይዞራል። ቆመን ነዳጅ ስንሰጠው 0.9 ደረሰ፤ ድምፁም ንጹህ ነው። ጋራዥ ውስጥ ቆማ የምትመረመር መኪና ደህና የምትመስለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጭነት ከሌለ ሞተሩ የሚፈልገው ጥቂት ናፍጣ ብቻ ነው። ጭነን ዳገት ስንወጣ መርፌው ቀስ በቀስ ወርዶ 0.2 ላይ ተኛ። ጉልበቷም አብሮ ተኛ። አጎቴ መሪውን ይዘው በመስኮት ጌጁን እያዩ «አሃ!» አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ፓምፕ ቤት አላነሱም።

ቀጥሎ የጀሪካን ምርመራ። ዋናውን ታንክ ከጨዋታ ውጭ አድርጎ ከንጹህ ጀሪካን ማስጠጣት ነው። ሁለት ነገር ልብ በሉ። የመላሹን ቱቦ (ከፓምፑ የተረፈውን ናፍጣ ወደ ታንክ የሚመልሰውን) እዚያው ጀሪካን ውስጥ ክተቱት፤ አለዚያ ናፍጣው ወደ ታንኩ እየተመለሰ ጀሪካኑ ሳታስቡት ያልቃል። ደግሞ ጀሪካኑን ከታንኩ ከፍታ በላይ አትስቀሉት። ናፍጣው በራሱ ክብደት እየወረደ ችግሩን ይደብቅባችኋል። በዚህ መንገድ ስንሞክራት ዳገቱ ላይ 0.8 ይዛ ወጣች። ሙሉ አይደለም፣ ግን ሌላ መኪና ነች። ስለዚህ አንዱ በሽታ ከታንኩ ወገን ነው።

የታንኩን ክዳን ከፍተን መተንፈሻውን አየን፤ ክፍት ነው። ይሄ ሲደፈን ታንኩ ውስጥ ባዶነት ይፈጠራል፤ ክዳኑን ስትከፍቱ «ፍስስ» ይላል። በታንኩ ውስጥ ያለው ወንፊትም ትንሽ ዝቃጭ ይዟል እንጂ አልተዘጋም። የቀረው ከሻንሲው ወደ ሞተሩ የምትሻገረው አጭር የጎማ ቱቦ ነች። ውጭዋ ምንም አይልም፤ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ያልተሰነጠቀች። በምላጭ ርዝመቷን ስሰነጥቃት ግን የውስጡ ሽፋን ከውጭው ተላቆ እንደ ምላስ ተንጠልጥሏል። በጣት ስገፋው ይከፈታል፣ ስለቀው መንገዱን ይዘጋል። ስበቱ ሲበረታ ያ ምላስ ይከደናል፣ ሞተሩ ሲጠፋ ይለቃል። «ካረፈች ደህና ትሆናለች» ያልኩት ነገር ምስጢሩ እዚህ ነበር። ናፍጣ በሚችል ቱቦ ቀየርነው።

0.8 ግን ለኔ አልበቃኝም። ለሁለት ሰከንድ ያህል የመላሹን ጎማ በፒንሳ በጨርቅ አድርጌ ጨመቅኩት። መርፌው ዘሎ ከ2 አለፈ። ይሄ ብዙ ይናገራል። ሳቢ ፓምፗ ጤነኛ ነች፤ የምታመጣውን ናፍጣ በመላሹ በኩል ዝም ብሎ የሚለቅባት አለ። በመላሹ መስመር ላይ ያለው ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎን ተራ ብሎን መሆን የለበትም፤ ሆዱ ውስጥ ስፕሪንግና ትንሽ ኳስ አለው፤ ግፊቱ የተወሰነ ልክ ሲደርስ ብቻ ይከፈታል። ፈትቼ በአፌ ነፋሁት። ያለ ምንም ችግር አለፈ። በብርሃን ሳየው ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀዳዳ ነው፣ ስፕሪንግ የሚባል የለም። ከዚህ በፊት የፈታት ጋራዥ ትክክለኛው ሲጠፋ ወይም ሲሰበር የሚመስለውን አስሮ ሸኝቷታል። ከውጭ ሲያዩት መንትያ ናቸው፤ በጥርሱም በጭንቅላቱም አይለዩም። አሮጌ መኪና የምትገዙ፣ ይሄን ብሎን ፈትታችሁ ንፉት። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ሁለቱ በሽታዎች ደግሞ ይረዳዱ ነበር። መላሹ ክፍት ስለሆነ ሳቢ ፓምፗ የሚቃወማት ግፊት የለም፤ ስለዚህ ሙሉ ምት እየመታች ያለ እረፍት ትስባለች። ያ ስበት ደግሞ የቱቦውን ምላስ ይዘጋዋል። አንዱን ብቻ ብንቀይር ኖሮ መኪናዋ «ትንሽ ተሻላት» ተብላ በዚያው ትቀር ነበር። ትክክለኛው ብሎን ከገባ በኋላ ሚኒሞ 1.4፣ ዳገት ላይ ከነጭነቷ 1.5 ይዛ ጎሃ ጽዮን ወጣች። ፓምፑ ከቦታው አልተነቃነቀም።

እግረ መንገዴን፣ ይሄ ሁሉ ለአሮጌዎቹ ሜካኒካል ፓምፖች ነው። ኮመን ሬል (ለሁሉም ኖዝሎች የጋራ የሆነ የከፍተኛ ግፊት ቧንቧ) ያላቸው አዳዲሶቹ ላይ ከ1,000 ባር በላይ ግፊት አለ። እዚያ ቱቦ አላልቶ «ናፍጣ ይመጣል ወይ» ብሎ ማየት የሚባል ነገር የለም።

አሁን አንድ የቀረ ነገር አለ። ጠዋት ጠዋት ሞተሪኖው (ማስነሻው) ረዘም አድርጎ ካላዞራት አትነሳም። የትም ናፍጣ አይንጠባጠብም። ግን የስበት ወገን ሲያፈስ ናፍጣ አያወጣም፣ አየር ያስገባል፤ ስለዚህ ደረቅ መሆኑ አያጽናናኝም። ከሳቢ ፓምፗ በፊት ውስጡ የሚታይ ላስቲክ ቱቦ ጣልቃ አስገብቼ ሳይ ደቃቅ አረፋ አይቻለሁ። አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለት አድርገን ካሳደርናት በአንድ ቁልፍ ትነሳለች፤ ሽቅብ ካደረች ትቸገራለች። ናፍጣው ሌሊት ወደ ታንኩ እየተመለሰ ነው ማለት ነው። ተጠርጣሪዎቼ የመዳብ ሮንዴላዎቹ፣ የሳቢ ፓምፗ መክደኛ ቫልቮችና የእጅ ፓምፗ ጎማ ናቸው። ከጎማው እጀምራለሁ፤ ርካሹ እሱ ነው፣ ካቢኑንም ሳልገለብጥ እደርስበታለሁ።