የቴዎድሮስ ሹሩባ

ትናንት ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ነው ኮምፒውተሬን የዘጋሁት። ዓይኔ ቀልቶ ነበር። ደስታዬ ግን እንቅልፍ ከለከለኝ። ሦስት ሳምንት ያስቸገረኝ ፀጉር በመጨረሻ ፀጉር ሆነ።

የአፄ ቴዎድሮስን ፊት በፎቶሾፕ እየሣልኩ ነው። ማንም አላዘዘኝም፤ ለራሴ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ቲሸርት ላይ፣ ታክሲ መስታወት ላይ፣ ካፌ ግድግዳ ላይ ሳያቸው ኖሬያለሁ። ያው ኮስታራ ፊት፣ ያው ሦስት ጉንጉን። ፀጉሩ ግን ብዙ ጊዜ ጥቁር ገመድ ነው። ከሰው ራስ ላይ የበቀለ አይመስልም። እኔ የፈለግሁት ፊት ለፊታቸው ቆሜ ቢሆን የማየውን ፀጉር ነው።

በሕይወት ሳሉ የተነሡት የታወቀ ፎቶ የለም። ልጃቸውን ልዑል ዓለማየሁን እንግሊዝ አገር ከወሰዱት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1868፣ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች ፎቶ አንሺ አንስታዋለች። የአባትየው የቀረልን የእጅ ሥዕልና የዓይን ምስክሮች ቃል ብቻ ነው። እኔም ግንባሩንና የዓይኑን አቀማመጥ ከልጁ ፎቶ ተበደርኩ። ፊቱ ብዙም አላስቸገረኝም። ፀጉሩ ነው ያቆመኝ።

መጀመሪያ አንድ በአንድ ልሥለው ሞከርኩ። ስክሪኑን 400 ፐርሰንት አጉልቼ፣ በቀጭን ብረሽ፣ ፀጉር በፀጉር። ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ። አሳንሼ ሙሉውን ሥዕል ሳየው የሽቦ ብሩሽ ሆኗል። ለምን እንደሆነ የገባኝ ቁጭ ብዬ ሳሰላው ነው። የሰው ራስ ከአናት እስከ አገጭ 22 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እኔ ሥዕል ላይ ያ ራስ ቁመቱ 2200 ፒክስል ነው፤ ፒክስል ሥዕሉ የተሠራባት ትንሿ ነጥብ ናት። አንድ ፒክስል የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ሆነ ማለት ነው። የሰው ፀጉር ደግሞ በአብዛኛው ከዚያም ይቀጥናል። እኔ በአራት ፒክስል ስሥል ከአራት እጥፍ በላይ የወፈረ ፀጉር ስተክል ነበር። ደግሞስ አንድ ራስ ላይ 100,000 የሚጠጋ ፀጉር አለ። ማን ይሥለዋል? ዓይንም ቢሆን አይቆጥረውም። ዓይን የሚያየው ብርሃኑን፣ ጥላውንና ፀጉሩ የሚሄድበትን አቅጣጫ ነው። ፀጉሩን የሣልኩበትን ሌየር፣ ማለትም ሥዕሉ ላይ የተነባበረውን ንጣፍ፣ ሰረዝኩት።

ከዚያ ከኢንተርኔት የፀጉር ብረሾች አወረድኩ። አንድ ጊዜ ስትጎትቱት ሃያ ፀጉር አብሮ የሚያሰምር ዓይነት። ጥሩ ናቸው፤ ግን የተሠሩት ለሉጫ ፀጉር ነው። ያየኋቸው የሥዕል ትምህርቶችም እንደዚያው ናቸው። ፀጉሩ እንደ ውሃ ይወርዳል፣ መሐሉ ላይ ሰፊ ነጸብራቅ እንደ ቀለበት ይዞርበታል፣ አለቀ። የእኛ ፀጉር ብርሃን የሚመልሰው እንዲህ አይደለም። ጥቅልል ስለሆነ እያንዳንዷ ጥምዝ ብርሃኑን በራሷ አቅጣጫ ትበትነዋለች። ጎፈሬ ላይ ያንን ቀለበት ብታደርጉበት ወዲያው ዊግ ይሆናል። ይሄ ነገር ያሳዝነኛል፣ እውነቴን ነው። ስንት ልጅ የራሱን ፀጉር መሣል ሲያቅተው ጥፋቱ የእጁ እየመሰለው ትቶት ይሆን?

መልሱ ግን ቤት ውስጥ ነበር። እማዬ ሹሩባ ስትሠራ ነው ያደግኩት። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ፀጉሩን ካሳደገ ዓመት አልፎታል። ቅዳሜ ጠዋት በረንዳው ላይ ዱካ አውጥቼ አስቀመጥኩትና እማዬን ለመንኳት።

«ሦስት ወፍራም ጉንጉን፣ ከግንባሩ ወደ ማጅራቱ» አልኳት።

«እንደ ቴዎድሮስ በይኛ!» አለችኝ።

ስልኬን ይዤ ከጎኗ ቆምኩ። በማበጠሪያው ጫፍ መሥመር አወጣች። ቅቤ በጣቷ ነካ አድርጋ ቀባችው። ከግንባሩ ላይ ጥቂት ፀጉር ይዛ ለሦስት ከፈለችው። ከዚያ አንድ ጊዜ በጎነጎነች ቁጥር ከሥሩ ትንሽ እየጨመረች፣ ትንሽ እየጨመረች ወደ ኋላ ሄደች። ወንድሜ «አመመኝ» ሲላት «ንጉሥ አይደለህ? ቻለው» አለችው።

እኔ የሳትኩት ይሄን ነበር። ጉንጉኑን ለብቻው ሠርቼ ራሱ ላይ ነበር ያስተኛሁት። ለካ ጉንጉን በየእርምጃው ከሥሩ ፀጉር እየተቀበለ ነው የሚሄደው። ግንባር ላይ ይቀጥናል፣ አናት ላይ ሲደርስ ይወፍራል። በግራና በቀኙ ያለው ፀጉር ተወጥሮ ሲገባበት ትንንሽ ቅስት ይሠራል። በጉንጉኖቹ መካከል የሚታየው ቆዳም እኔ እንደሣልኩት ነጭ መሥመር አይደለም። ከግንባሩ ትንሽ የፈካ ቡናማ ነው።

ማታ እንደ አዲስ ጀመርኩ። በትልቅ ብረሽ የፀጉሩን ቅርጽ ብቻ በአንድ ጠቆር ያለ ቀለም ሞላሁ። አንዲት ፀጉር እንኳ አልሣልኩም። ቀለሙም ንጹሕ ጥቁር አይደለም። የወንድሜን ፎቶ ከፍቼ ቀለሙን በአይድሮፐር፣ በቀለም መለኪያው፣ ስለካው አንድም ቦታ ንጹሕ ጥቁር አላገኘሁም። ፀሐይ ያገኘው ወደ ቡና ይሄዳል፤ ወደ ሰማይ የዞረው ሰማያዊ የነካው ግራጫ ነው። ከዚያ እንደ ስንዴ ዛላ ጉብታዎቹን አንድ በአንድ አወጣሁ። ለእያንዳንዱ ጉብታ አናቱ ላይ ጠባብ ብርሃን፣ ጎኑ ላይ ጥልቅ ጥላ። ደማቁን ብርሃን ለአምስት ስድስቱ ብቻ ሰጠሁ። ሁሉም ሲያበራ እንደገና ፕላስቲክ ይሆናል። ግንባሩ ላይ ፀጉሩ የሚጀምርበትን ጠርዝ በለስላሳ ብረሽ አደበዘዝኩት፤ ሥሩ ላይ በማልቲፕላይ ሌየር፣ ከታቹ ያለውን ቀለም በሚያጠቁረው ንጣፍ፣ ቀላ ያለ ጥላ ጣልኩ። ያኔ ነው ከቆዳው የበቀለው።

ነጠላ ፀጉር የሣልኩት በመጨረሻ ነው። በአንድ ፒክስል፣ ኦፓሲቲውን (የቀለሙን ድፍንነት) ዝቅ አድርጌ፣ ከአርባ አይበልጡም። ጆሮ ግንዱ አካባቢ፣ ጉንጉኑ ያልያዛቸው ትንንሽ ፀጉሮች።

እነሱን ስሥል የአፄ ቴዎድሮስ ቁንዳላ ትዝ አለኝ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሕይወታቸው ካለፈ በኋላ ከራሳቸው ላይ ፀጉር ተቆርጦ ባሕር ተሻገረ። ከእጅ ወደ እጅ ሄዶ ለንደን ያለው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ገባ። ሙዚየሙ ለኢትዮጵያ የመለሰው በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ነው። ከ150 ዓመት በኋላ። ዜናውን ያየሁ ቀን አልቅሻለሁ። ስለ ዘውድና ስለ ጽላት ብዙ ሰምቼ ነበር፤ የሰው ፀጉር ግን ሌላ ነው። የገላው ክፍል ነው። አንዲት ሴት ወይም አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በጣቱ የጎነጎነው፣ ቅቤ የጠጣ፣ ላብ የነካው ፀጉር ነው። ገመድ ተደርጎ ሲሣል የሚከፋኝ ለዚህ ነው። ብረሹን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ ብርሃኑን በጣም አበዛሁት ብዬ ቀነስኩት።

ዛሬ ጠዋት ለእማዬ አሳየኋት። መነጽሯን አደረገች። ፊታቸው ላይ አልቆየችም፤ ቀጥታ ወደ ፀጉሩ ሄደች። ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ከግንባር እስከ ማጅራት ተከተለችው። ቀኙን፣ መሐሉን፣ ከዚያ ግራውን።

«ግራው ላልቷል» አለች። «እዚህ ጋ፣ ከጆሯቸው በላይ። ይሄ ሦስት ቀን አይቆይም፣ ይፈታል።»

አጉልቼ አየሁት። እውነቷን ነው። ቡናው እስኪፈላ ሌየሩን ከፍቼ ያቺን ቦታ ሁለት ጉብታ ጨመርኩባትና አጠበቅኳት።